ዘንባባዎ የልብ በሽታ አልያዘውም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቀበና ነው የምኖረው። ጓሮዬ ውስጥ ጎመን፣ ጥቂት ዶሮዎችና ቁመታቸው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሁለት ዘንባባዎች አሉኝ። አንደኛው ከፋሲካ ወዲህ መሐሉ ቡናማ ሆኗል። አዲስ ቅጠልም አያወጣም። ለሆሳዕና እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ተርፎ ነበር! የልጅ ልጄ እንግሊዝኛ ሲያጠና «ሃርት ኦፍ ፓልም» የሚል ቃል አይቶ፣ «እማማ፣ ዘንባባው ልቡን አሞት ይሆን?» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ምግብ ነው ትላለች። ምን ልርጭበት?

መልስ፦ እማማ፣ ምንም አይርጩ። ብሩን ለዶሮዎቹ መኖ ይግዙበት።

መልሱ እዚያው ደብዳቤዎ ውስጥ አለ። «ለሰፈሩ ሁሉ ተርፎ ነበር» ብለዋል። ሰፈሩ ደግሞ ለቀለበትና ለመስቀል የሚሻማው በዳሩ ጠንካራ ቅጠል አይደለም። ያችን ገና ያልተገለጠች፣ ነጣ ያለች፣ እንደ ጦር ቀጥ ብላ የቆመች የመሐል ለጋ ነው የሚፈልገው። አንዱ ጎረምሳ ጎትቷታል፣ ወይም ዝቅ አድርጎ ቆርጧታል ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ ሰኔ ገባ፤ ቁስሉ ላይ ውሃ ተኛበትና መበስበስ ጀመረ። የማዳበሪያ እጥረት ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚገረጡት የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ነበሩ። ጎኑ ያለው ሁለተኛው ዘንባባም ደህና ባልሆነ።

ዘንባባ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የዘንባባ ግንድ ግን የሚያድገው ከአናቱ፣ ከአንዲት ቦታ ብቻ ነው። እሷ ከሞተች ያ ግንድ አለቀለት።

አሁን ወደ ሥራው። የመሐሉን ቅጠል በጣትዎ ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ይሳቡት። እንቢ ካለ ተስፋ አለ። በቀላሉ ተመዞ ከመጣና ከሸተተ፣ የበሰበሰውን ብቻ በፈላ ውሃ በታጠበ ቢላ ያንሱለት። ጤነኛውን ነጭ ክፍል አይንኩ። ቀጥሎ ዙሪያውን አራት እንጨት ይትከሉና ያረጀ ፕላስቲክ ከላዩ ዘንበል አድርገው ይወጥሩለት። ጃንጥላ መያዝ በሉት። ፕላስቲኩ ቅጠሉን አይንካ፤ ጎኑም ክፍት ይሁን። ከታፈነ ይብስበታል። ሥሩ ዘንድ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ በዶማ ትንሽ ቦይ ያውጡለት። ወጪው ይኸው ነው።

ከዚያ የልጅ ልጅዎን ማርከር ይዋሱት። የመሐሉ ቅጠል ላይ፣ ወይም የቀረው ጉቶ ላይ፣ አንድ መስመር ያስምሩ። አጠገቡ ባለው ቅጠል ላይም በዚያው ከፍታ ሌላ መስመር። ከአንድ ወር በኋላ ይዩት። የመሐሉ መስመር ከፍ ብሎ ከተገኘ ውስጡ አልሞተም፣ እየገፋ ነው። ካልተነቃነቀም ለመንቀል አይቸኩሉ። በአዲስ አበባ ብርድ ዘንባባ ቀርፋፋ ነው፤ እስከ ጥቅምት ይታገሡት። እስከዚያው አረንጓዴ ቅጠል አይቁረጡበት። በየግቢው የማየው ነገር ነው፦ «ላሳምረው» እየተባለ ዘንባባውን ልጭት አድርጎ አናናስ ማስመሰል። እነዚያ ቅጠሎች እኮ ምግቡን የሚሠሩለት ናቸው።

ለልጁ ደግሞ እንዲህ ይበሉት። «ሃርት» ልብ ነው፣ ግን እዚህ ላይ መሐል፣ ውስጠኛው ክፍል ማለት ነው። እኛ «የከተማዋ እምብርት» እንደምንለው። እንዲያውም «የዘንባባ እምብርት» ብንለው ሳይሻል አይቀርም። «ፓልም» ዘንባባም መዳፍም ነው። ሁለቱም ከላቲኑ «ፓልማ» የመጡ ናቸው፤ ቅጠሉ የተዘረጋ እጅ ይመስላላ!

ጎረቤትዎም አልተሳሳቱም። ያ ነጭ እምብርት ይበላል፤ ጣዕሙ ቀለል ያለ ነው፣ ሰላጣ ውስጥ ይገባል። በስፓኒሽና በፖርቹጋልኛ «ፓልሚቶ» ይሉታል። ኢኳዶርና ኮስታ ሪካ አልምተው በቆርቆሮ እያሸጉ ወደ ውጭ ይልኩታል። በሰሜን አፍሪካ የተምር ዘንባባን እምብርት ይበላሉ። ችግሩ ምን መሰለዎት፣ እሱን ለማውጣት ግንዱን መጣል ግድ ነው። እንሰትን ለቆጮ እንደምንጥለው። ብራዚል ውስጥ ጁሳራ የሚባለው ባለ አንድ ግንድ ዘንባባ በዚህ ምክንያት ከጫካው ተመናምኗል። ዛሬ በእርሻ የሚለማው በብዛት እንደ ሙዝ ከሥሩ ልጅ የሚያወጣ ዓይነት ነው፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይተካል። የእርስዎም ከሥሩ ብዙ ግንድ ያለው የአገራችን ዘንባባ ከሆነ፣ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

አደራ፣ ልጁ «ልቅመሰው» እንዳይል። ሳይካስ የሚባል፣ በየአትክልት ቦታው የሚተከል ዘንባባ መሳይ አለ። ዘንባባ አይደለም፤ መርዛማ ነው። ውሻ እንኳን ቢበላው ሊገድለው ይችላል።

ለሚመጣው ሆሳዕና ሰፈሩን አያስቀይሙ። መቀሱን ግን እርስዎ ይያዙ። ከጤነኛው ዘንባባ ከዳር ከዳሩ፣ ከተገለጡት ቅጠሎች ሁለት ሦስት ይስጡ። ደረቀብን ካሉ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ለቀለበት የሚሆን ያህል ይለሰልሳል።