ድጋፉ መጀመሪያ ምን ላይ ይዋል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ ላይ ዓሣ እሸጣለሁ። የሚያቀርብልኝ የባቱ አስጋሪዎች ማኅበር የመንግሥት ድጋፍ ሊጠይቅ ነው። ጀልባ የሚጠጋበት የኮንክሪት መድረክ ይቅደም ወይስ ዓሣ ማቀዝቀዣ በረዶ?

መልስ፦ በረዶ። ባቱ ያለችበት የዝዋይ ሐይቅ ጥልቀት የለውም፤ ውኃው ሲሸሽ ቋሚ መድረክ ጭቃ ላይ ቆሞ ይቀራል። መድረክ የግድ ካሉም በበርሜል የሚንሳፈፍ ይሁን። ዓሣው ግን አዲስ አበባ ለመድረስ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ የተፈጨ በረዶ ያዙ፦ ሥሩ በረዶ፣ ከዚያ ዓሣ፣ እንደገና በረዶ፣ አናቱም በረዶ። ትልልቁ በረዶ ዓሣውን ይቀጠቅጣል፣ ክፍተትም ይተዋል። ሳጥኑ ግርጌው ላይ ቀዳዳ ከሌለው የቀለጠው ውኃ ከደም ጋር ይጠራቀማል፤ ታች ያለው ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ቀድሞ የሚሸተውም ለዚህ ነው። በረዶው ከሚጠጣ ውኃ ይሠራ፣ ከሐይቁ አይቀዳ።

ማመልከቻው ላይ የሕይወት ጃኬት አይረሳ፤ በሰው ቁጥር ልክ ይጠየቅ። ጀልባው ወለል ላይ የተጣለ ጃኬት ማንንም አያድንም፤ ሽፋኑ ተቀዶ አረፋው ውኃ የጠጣውም ይወገድ።

እርስዎ ሲረከቡ ስንጥቡን (ዓሣው የሚተነፍስበትን፣ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን) ገልጠው ይዩ። ደማቅ ቀይ ከሆነ ይውሰዱት፤ ቡናማ ሆኖ ከተዝለገለገ ይመልሱት።