መልስ፦ ከተማ ዳር ያለውን ሰፊ ቤት ልግዛ ወይስ ለሥራ የሚቀርበውን ጠባብ?

ሁለት ልጆች ስላሉህ፣ ምርጫውም በእነዚህ ሁለት ቤቶች መካከል ከሆነ፣ እኔ ቅርቡን እላለሁ። ክፍል ማሸጋሸግ ይቻላል፤ መንገድ ማሳጠር ግን አይቻልም።

ብቻ ከመወሰንህ በፊት በሥራ ቀን፣ ጠዋት በመግቢያ ሰዓት፣ ከቤቱ ደጃፍ ተነስተህ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም መሥሪያ ቤትህ ድረስ ሂድ። እሁድ ረፋድ የተለካ መንገድ ዋጋ የለውም (ደላላ ቤት ለማሳየት እሁድን መቅጠር የሚወደውም ያለ ምክንያት አይደለም)። ከመሸ በኋላና ዶፍ ዝናብ ሲያባራም ሰፈሩን በእግርህ ዙረው፤ ውሃ የሚተኛበትን ሻጭ አይነግርህም።

ዳር ያለው ርካሽ ከመሰለህ የትራንስፖርቱን የወር ወጪ ደምርበት።

ከጎን ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ አያማልልህ። ጎረቤቶቼ ለክፍት እይታ ብለው ጨምረው ገዙ፤ አሁን መስኮታቸውን ፎቅ ጋርዶታል። ሳትፈርም የቦታውን ፕላን ከማዘጋጃ ቤት ጠይቅ።