የ1961 ዓ.ም. ባነር ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ በአባቴ መታወቂያ ላይ ያለው የትውልድ ዘመን 1961 ዓ.ም. ነው። ልደታቸውን እዚሁ አዳማ ልናከብር ስንዘጋጅ ታናሽ ወንድሜ በዚያ ዓመት በዓለም የሆነውን ከኢንተርኔት ለቃቅሞ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ባነር አሳትሞ መጣ። ባነሩ ላይ የዩሪ ጋጋሪን የጠፈር ጉዞና የበርሊን ግንብ መሠራት ሰፍረዋል። አባቴ አይተው ሳቁና «እኔ የጨረቃው ዓመት ልጅ ነኝ፤ እናቴ ስታምጥ የጎረቤት ሬዲዮ ሰው ጨረቃ ላይ መውጣቱን ይናገር ነበር» አሉ። ወንድሜ ግን ጨረቃ ላይ የተወጣው በ1969 ነው ብሎ ይሟገታል። ማን ልክ ነው? የልደታቸውን ቀን ማወቅስ ይቻላል?

አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አባትዎም ወንድምዎም ልክ ናቸው፤ የተሳሳተው ባነሩ ነው። ወንድምዎ የፈለገው የፈረንጆቹን 1961 በመሆኑ ያገኘው የእኛን 1953 ዓ.ም. ነው፤ ጋጋሪን የተጓዘው ሚያዝያ 4፣ ግንቡም መሠራት የጀመረው ነሐሴ 7 ቀን በዚያው ዓመት ነበርና፣ አባትዎን ሳያስበው በስምንት ዓመት አስረጅቷቸዋል።

ስምንት መደመርም ብቻውን አይበቃም። የእኛ ዓመት በመስከረም ስለሚገባ 1961 ዓ.ም. ከፈረንጆቹ 1968 መጨረሻዎቹን ወራት፣ ከ1969 ደግሞ እስከ ጳጉሜን ያለውን ይዟል። ስለዚህ በ1968 ዝርዝር ውስጥ የሚገኙት የማርቲን ሉተር ኪንግ ግድያም ሆነ አዲስ አበባ ያስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ለእኛ የ1960 ዓ.ም. ናቸው። ፔሌ አንድ ሺሕኛ ግቡን ያስቆጠረውም ኅዳር 1962 ላይ ነው።

ምርጫው የእኔ ቢሆን ከጨረቃውም አስቀድሜ የባነሩን አናት ለሜክሲኮ ኦሎምፒክ እሰጥ ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በተካሄደው ማራቶን፣ የሮምና የቶኪዮ ባለድሉ አበበ ቢቂላ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ፣ ከሳምንት በፊት በ10 ሺሕ ሜትር ብር ያገኘው የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ በምትለው ከተማ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ገባ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊ የደረሰው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው፤ ለኢትዮጵያም ሦስተኛ ተከታታይ የማራቶን ወርቅ ሆነ። አሜሪካዊው ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8 ሜትር ከ90 የዘለለው፣ ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ዘረኝነትን ለመቃወም ሽልማት ሰገነቱ ላይ ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን ወደ ላይ ያነሡትም በዚሁ ኦሎምፒክ ነው።

ጥር 22 ቀን የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን የሆኑት ቢትልሶች ለንደን ውስጥ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጥተው ተጫወቱ። ከድምፅ የሚፈጥነው የመንገደኞች አውሮፕላን ኮንኮርድ መጀመሪያ የበረረው የካቲት 23፣ በእኛው የዓድዋ ቀን ነው (ፈረንሳዮቹ ይህን አስበው አይመስለኝም)። ከነሐሴ 9 እስከ 12 በአሜሪካ፣ ውድስቶክ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል፣ ወደ 400 ሺሕ የሚጠጋ ወጣት አንድ የወተት ላም እርሻ ላይ በዝናብና በጭቃ ሰነበተ። ነሐሴ 26 ቀን ጋዳፊ ሊቢያ ውስጥ ሥልጣን ያዘ።

ወደ ልደቱ ቀን ስንመጣ፣ የጨረቃ ተጓዦቹ መንኮራኩር አፖሎ 11 ከምድር የተነሣችው ሐምሌ 9 ሲሆን፣ አርምስትሮንግና ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ያረፉት በእኛ አቆጣጠር እሑድ ሐምሌ 13 ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ነው። አርምስትሮንግ እግሩን መሬቷ ላይ ያሳረፈው ግን ሰኞ ሐምሌ 14 ሊነጋጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ያኔ ናዝሬት የምትባለው ከተማችን ከእንቅልፏ እየተነሣች ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አያትዎ የሰሙት «ወጡ» የሚለውን ወሬ ከሆነ ልደቱ ከሐምሌ 13 ምሽት አይቀድምም። ሆኖም ወሬው ጠፈርተኞቹ ውቅያኖስ ላይ እስካረፉበት እስከ ሐምሌ 17 ድረስ ስላላባራ፣ ሬዲዮው ብቻውን ቀኑን ለይቶ አይነግረንም።

ሌላ ምስክር ሊኖር ይችላል። ቤተሰብዎ ኦርቶዶክስ ከሆነ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነውና፣ ሐምሌ 14 የተወለደ ሕፃን ክርስትናው ነሐሴ 23 ላይ ይውላል፤ ይኸውም ፍልሰታ ከተፈታ ከሳምንት በኋላ ነው። የአባትዎ የክርስትና አባት ወይም ድግሱን የበሉ ጎረቤት በሕይወት ካሉ፣ ዶሮ ተሠርቶ እንደ ነበርና ከጾሙ ፍቺ ስንት ቀን እንደ ቆየ ይጠይቁልን፤ ባነሩን ዳግመኛ ማሳተሙ ከዚያ በኋላ ይሁን።