ከፕሮሰሰሩ በፊት ስክሪኑን እይ

ከመሐል ሜዳ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ የላከልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይኸው፦

"ጋሼ፣ ሠርግና ክርስትና አነሳለሁ። ሲመቸኝ ደግሞ ጓሳ እወጣና ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አነሳለሁ። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ካኖን ነው። ላፕቶፔ ግን ያረጀ፣ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው። የአንድ ሠርግ ፎቶ ኤዲት ለማድረግ ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል። ፎቶሾፑ ያልተከፈለበት ክራክ ነው። ሳሳጥበው ደግሞ ነጩ ቀሚስ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ለጥር ሠርግ እንዲደርስልኝ አዲስ ልገዛ ነው። አንዱ የጌም ላፕቶፕ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ማክ ካልሆነ ይቅርብህ ይለኛል። የቱ ይሻለኛል?"

ወንድሜ፣ የጻፍከው ሁለት የተለያየ ችግር ነው። መዘግየቱ የላፕቶፑ ጥፋት ነው። የቀሚሱ ቀለምና የፊቱ መጥቆር ግን በአብዛኛው ከፍጥነት ጋር አይገናኝም። የፈለገ ፈጣን ማሽን ብትገዛ፣ ያው የተበላሸ ቀለም ቶሎ ይወጣልሃል እንጂ አይስተካከልም።

ስለዚህ ከቀለሙ እንጀምር። የመሐል ሜዳን ፀሐይ ታውቀዋለህ። ሙሽሮቹን ከፀሐይ ሸሽተህ ጥላ ውስጥ ስታቆማቸው፣ እዚያ የሚደርሰው ብርሃን ከሰማዩ የሚመጣ ነው፤ ሰማያዊ ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ይህን ሰማያዊ እንዳለ ይቀበላል። ካሜራው ደግሞ ነጩ ሲበዛበት "ብርሃን በዝቷል" ብሎ ያጨልማል። በዚያው ፊቱ ይጠቁራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ላፕቶፑን ገና ሳትከፍት ነው።

እያነሳህ ያለኸው በጄፔግ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሮው ቀይር። ጄፔግ ካሜራው ራሱ አስተካክሎና አጭቆ የሚያስቀምጠው ፎቶ ነው፤ ሮው ደግሞ ካሜራው ያየውን እንዳለ የሚያስቀምጥ ነው። ጄፔግ በእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ይይዛል። 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ይይዛል። የጠቆረ ፊት ከጄፔግ ላይ ልታወጣ ስትታገል ቆዳው የሚሻክረው ለዚህ ነው። ሮው ላይ የነጩን ሚዛን ከነጠላው ላይ ወስደህ ታስተካክላለህ፣ ፊቱንም ከፍ ታደርጋለህ፣ ብዙም አይጎዳም። ነጩ ጨርሶ እንዳይቃጠል ብቻ ስታነሳ ተጠንቀቅ። የተቃጠለ ነጭ በምንም አይመለስም።

ቀጥሎ ስክሪኑ። ፎቶ እየጠቆረ የሚታጠብበት ዋናው ምክንያት ስክሪኑን እስከ ጥግ አብርቶ መሥራት ነው። ስክሪኑ ስለሚያበራ ፎቶው በቂ ብርሃን ያለው ይመስልሃል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ያ ብርሃን የለም። ርካሽ ስክሪን ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ራሱ አይታመንም። አንገትህን ቀና ዝቅ ባደረግህ ቁጥር ቀለሙ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ እሱ ስክሪን ለጽሑፍ እንጂ ለፎቶ አይሆንም። አይፒኤስ የሚባለውን፣ ከጎንም ቢታይ ቀለሙ ብዙ የማይለወጠውን የስክሪን ዓይነት ፈልግ። ይህም ብቻውን አይበቃም። ስክሪኑ ምን ያህል ቀለም እንደሚያሳይ ጠይቅ፤ የሚለካው ኤንቲኤስሲ ወይም ኤስአርጂቢ በሚባሉ መለኪያዎች ነው። ሻጩ "45 በመቶ ኤንቲኤስሲ" ካለህ ተወው። "72 በመቶ ኤንቲኤስሲ" ወይም "100 በመቶ ኤስአርጂቢ" ከሆነ ለሠርግ ሥራ ይበቃል።

አሁን ወደ ጌም ላፕቶፑ። መካሪህ ጨርሶ አልተሳሳተም። ጓሳ ላይ ገና ሳይነጋ ያነሳኸው ቀይ ቀበሮ አይኤስኦው (በጨለማ ከፍ የምታደርገው የካሜራው የብርሃን መቀበያ) 6400 ገብቶ ጥራጥሬ መሰል ነጠብጣብ ሲሞላው፣ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ያለው በኤአይ የሚሠራ ማጽጃ ድንቅ ነው። እሱ ግን ጉልበቱን የሚያገኘው ከግራፊክስ ካርድ ነው። ጥሩ ካርድ ካለ በሰከንዶች ይጨርሳል። ከሌለ ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች ትጠብቃለህ። ነገር ግን ርካሽ የጌም ላፕቶፖች ብዙዎቹ የሚቆጥቡት ስክሪኑ ላይ ነው፤ ያው 45 በመቶውን ይገጥሙለታል። በዚያ ላይ ይከብዳል፣ ባትሪ ይጠጣል። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ታቆማለህ። እንጀራህ ሠርግ ከሆነ ለጥቂት የቀበሮ ፎቶ ብለህ ይህን ሁሉ አትሸከም። ጥቂት ፎቶ ከሆነ ማታ ከፍተህለት ተኛ፣ ጠዋት አልቆ ታገኘዋለህ።

ማኩስ? ኤም 1 የሚባለው ፕሮሰሰር ያለው፣ በፈረንጆቹ 2020 የወጣው ማክቡክ ኤር እስካሁን ጥሩ ዕቃ ነው። ስክሪኑ የሚታመን ነው፣ ባትሪውም ይቆያል፣ ድምፅ የለውም። ችግሩ ራሙም ማስቀመጫውም ከቦርዱ ጋር የተበየደ መሆኑ ነው። በኋላ ልጨምር ብትል አይቻልም። ባለ 16 ጊጋ ካገኘህ ያዘው። ባለ 8 ከሆነ ለሮው ይጠብሃል፣ እለፈው።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ዩዝድ የቢሮ ላፕቶፕ እገዛለሁ፤ ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድ ወይም ኤሊትቡክ። ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ አላንስም፤ ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያለውን አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2025 ቆሟል። ራሙ 16 ጊጋ ይሁን፣ ቢቻል በሁለት ቦታ የተከፈለ። ኤስኤስዲው (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ) ከ512 ጊጋ አይነስ። ከዚያ የተረፈኝን ብር ፕሮሰሰሩን ከአይ 5 ወደ አይ 7 ለማሳደግ አላወጣም። ጥሩ ዩዝድ ባለ 24 ኢንች አይፒኤስ ሞኒተር እገዛበታለሁ። የቢሮ ላፕቶፖች ስክሪን ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ነውና ቀለም የምወስነው ሞኒተሩ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ፎቶ መምረጡን በላፕቶፑ እቀጥላለሁ።

ስትገዛ የራስህን የሠርግ ፎቶ በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ነጭ ልብስ ያለበትን ክፈትና ከጎንም ከላይም እየው። ታስክ ማኔጀር ውስጥ ገብተህ የራሙን መጠንና በስንት ቦታ እንደተከፈለ አረጋግጥ። ማሽኑን አስነስተህ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግባ። ፓስወርድ ከጠየቀህ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምልልህ፣ ጥለኸው ውጣ።

ሶፍትዌሩ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። ሁለት ሳምንት የሚፈጅብህ ራሙ ስላነሰ ብቻ አይመስለኝም። ፎቶሾፕ ፎቶ አንድ በአንድ የሚከፈትበት ነው። የሠርግ ሥራ ግን በጅምላ ነው። መጀመሪያ መጣል ያለበትን ትጥላለህ። ከዚያ በአንድ ብርሃን ከተነሱት አንዱን አስተካክለህ ማስተካከያውን ለሌሎቹ ትገለብጣለህ። ላይትሩም ክላሲክ የተሠራው ለዚህ ነው። በየወሩ በዶላር የምትከፍልበት መንገድ ካለህ ሌላ አትፈልግ።

ከሌለህ ክራኩን አጥፋው። ቫይረስ አብሮት ሊገባ ይችላል፤ የሰው ሠርግ ደግሞ ተደግሞ አይነሳም። ካኖን ራሱ ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል የሚባል ፕሮግራም በነፃ ይሰጣል፤ ሲያወርዱት የካሜራህን ሲሪያል ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። መልኩ አያምርም፣ ግን የራሱን ሮው በደንብ ያውቃል፣ ማስተካከያም ከአንዱ ወደ ብዙ ይገለብጣል። ፊት ላይ ያለ ብጉር ለማጥፋትና ለአልበም ቅንብር ጊምፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለልህ። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ደግሞ አፊኒቲ የሚባለው ሌላ የፎቶ ፕሮግራምም ነፃ ሆኗል። ዳርክቴብል ከሁሉም ነፃ ፕሮግራሞች ጠንካራው ነው እላለሁ፣ ለመልመድ ግን ጊዜ ይበላል። እሱን በጾሙ ወራት፣ ሠርግ በማይኖርበት ጊዜ ተማረው።

አንድ ነገር ሳትጠይቀኝ ልጨምር። የአንድ ሮው ፋይል መጠን ወደ 30 ሜጋባይት ይጠጋል። 2,000 ፎቶ ያነሳህበት ሠርግ 60 ጊጋ ገደማ ነው። ጥር ውስጥ ብቻ ኤስኤስዲህ ይሞላል። ስለዚህ ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይኑርህ። አንዱ ከቤትህ ውጭ፣ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ፎቶው ሁለቱም ላይ ሳይገለበጥ የካሜራውን ካርድ አታጥፋ።

ዕቃው እጅህ ሲገባ ደግሞ የሞኒተሩን ብርሃን ዝቅ አድርግ። አጠገቡ ነጭ ወረቀት ይዘህ ብርሃናቸው እስኪቀራረብ ቀንሰው። ከዚያ ጥላ ውስጥም ፀሐይ ላይም የተነሱ ጥቂት ፎቶዎች አስተካክልና በኤስአርጂቢ አስቀምጣቸው። ሁልጊዜ የምታሳጥብበት ቤት ውሰዳቸውና "በማሽናችሁ ምንም እንዳትነኩት፣ እንዳለ እጠቡልኝ" በላቸው። ብዙ ቤቶች ማሽናቸው ራሱ ቀለም እንዲያስተካክል ከፍተውት ይተዋሉ፣ አንተ ያስተካከልከውን መልሶ ያበላሸዋል። የታጠበውን ከሞኒተሩ ጎን አድርገህ እየው። አሁንም ከጠቆረ ፎቶውን ወዲያው አትንካ፣ መጀመሪያ የሞኒተሩን ብርሃን ከታጠበው ጋር እስኪቀራረብ ቀንስ፤ ከዚያ ፎቶውን አስተካክለህ እንደገና አሳጥብ።