ደብረ ብርሃን ላይ መጻሕፍት መደብር ልክፈት ወይ ላለችው እህታችን

ጥያቄሽንም ሌሎች የሰጡሽን መልስም አነበብኩ። ከመምህርነት ደመወዝሽ ያጠራቀምሽው ገንዘብ አለ፤ ደብረ ብርሃን ላይ መጻሕፍት መደብር መክፈት ትፈልጊያለሽ፤ ቤተሰቦችሽ ደግሞ «ሰው አሁን በስልኩ ነው የሚያነበው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ» ይሉሻል። እኔ ደሴ ላይ ታላቅ ወንድሜ በደርግ ዘመን የከፈተውን መደብር ተረክቤ ጠጉሬ እስኪሸብት የሠራሁበት ሰው ነኝ። ስለዚህ ቢረዝምም ታገሺኝ።

መልሴ «ክፈቺ» ነው። ነገር ግን ልብ ወለድና የታሪክ መጽሐፍ ሸጠሽ ብቻ የቤት ኪራይ እንደማትከፍዪ ከአሁኑ ዕወቂው። የእኔን መደብር ያቆመው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አጋዥ መጽሐፍና ፎቶኮፒ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው የትምህርት ቤት ገበያ አብዛኛውን የዓመት ወጪ ይሸፍናል፤ ሌላው መጽሐፍ የሚኖረው ከዚያ በተረፈው ላይ ነው። ይህን እንደ ዝቅታ የሚቆጥሩ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። «እኛ የዕውቀት ነጋዴዎች እንጂ የደብተር ቸርቻሪዎች አይደለንም» ይላሉ። አልስማማም። ዛሬ በሳል አንባቢ ሆነው ከማያቸው ደንበኞቼ ብዙዎቹ መጀመሪያ የገቡት ደብተር ሊገዙ፣ እናታቸውን ተከትለው ነው። እናትየዋ ሒሳብ ስትከፍል ልጁ ቀና ብሎ መደርደሪያውን ያያል። እኔም ለዚያች ቅጽበት ብዬ የልጆች ተረት መጻሕፍትን ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ፣ በልጅ ዓይን ቁመት ልክ ነው የምደረድራቸው።

የመጽሐፉ ትርፍ ራሱ ቀጭን ነው። ከሽፋን ዋጋው ላይ አከፋፋዩ የራሱን ድርሻ ያነሣል፣ ለእኛ ለክፍለ አገር ቸርቻሪዎች የሚደርሰው ከዚያ የተካፈለው ነው፤ የአውቶቡስ ጭነትና የአውራጅ ሲከፈል ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ ማተሚያ ቤቶችም ዋጋቸውን ከፍ አደረጉ። ዛሬ መካከለኛ ውፍረት ያለው ልብ ወለድ ሲመጣ ዋጋውን ለደንበኛ መናገር ያሳፍረኛል። ጀማሪ መምህር ይህን ያህል አውጥቶ መጽሐፍ ሲገዛ ከምን ላይ እንደቀነሰ አውቃለሁና።

ለዚህም ነው አንድ የቆየ ነገር እንድትመልሺው የምለምንሽ፤ መጽሐፍ ማከራየት። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማንበብ የቻለው ሰው በአገሪቱ በዛ፤ ማንበብ የቻለ ሁሉ ግን መግዣ አልነበረውም። ወንድሜ መደብሩን ሲከፍት ከሽያጭ ይልቅ ኪራይ ነበር የሚያስገባለት። አሠራሩ ቀላል ነው። መጽሐፉ በካርቶን ይጠረዛል፣ በላስቲክ ይለበዳል፤ ተከራዩ መያዣ ያስይዛል፣ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ በቀን ሳንቲም ይከፍላል። ተፈላጊ ልብ ወለድ ሲሆን ወረፋው ሳምንታት ይወስድ ነበር፤ አንዱ ሌሊቱን በኩራዝ አንብቦ ጠዋት ይመልሳል፣ ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከጊዜ በኋላ ብዙ መደብሮች «መጽሐፍ ያስጠፋል» ብለው ተዉት። እኔ በወር ክፍያ አድርጌ ቀጠልኩበት።

ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ትልቅ አይደለም። መዝገቡ ግን ሀብት ነው። ማን ምን እንደሚያነብ፣ የትኛውን መጽሐፍ ሳይጨርስ እንደመለሰ፣ የትኛውን ደግሞ ደጋግሞ እንደወሰደ ያሳይሻል። ከአዲስ አበባ አዲስ መጽሐፍ መውጣቱን ስሰማ የማዝዘው በግምት አይደለም፤ ለእነማን እንደምደውል አውቃለሁ። የሆስፒታሉ ነርስ ግለ ታሪክ ትወዳለች፤ ጡረተኛው ዳኛ ስለ አድዋና ስለ ማይጨው የተጻፈ ነገር አያልፈውም፤ የእህል ነጋዴው ግጥም ብቻ ነው የሚገዛው፣ ያውም ሁለት ቅጂ፣ አንዱን ለጓደኛው። ስልክ ላይ ያለው ፋይል ሰውን እንዲህ አያውቀውም፤ ቤተሰቦችሽ የነገሩሽን ፍርሃት እኔ የምመልሰው በዚህ ነው።

ስለ ኪራዩ አንድ ነገር ልጨምር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኔም እንደ ሌላው ሰው ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። በኅዳር መጨረሻ ስመለስ የመደብሩ በር ተገንጥሏል፣ ፎቶኮፒ ማሽኑና ኮምፒውተሩ የሉም፣ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ተበትነው ተረጋግጠዋል። መዝገቡም ጠፍቷል፤ ማን ምን ይዞ እንደነበር የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ጥርጊያውን ሳልጨርስ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ተከራይተው የነበሩትን መጽሐፍ ነበር ይዘው የመጡት። አንዷ መምህርት እናንተ ከተማ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሰድዳ በፌስታል ይዛው ከርማ ይዛው ተመልሳለች። አንድ ተማሪ ቤታቸው ተዘርፎ ሳለ መጽሐፉ ከአልጋ ሥር ተገኝቶ አመጣልኝ። መደብሩን እንደገና የከፈትኩት በእነዚያ በየሰው ቤት ተበትነው በተረፉት መጻሕፍት ነው። ያን ጊዜ ሥራውን ልተወው ወስኜ ነበር፤ ያስቀየሩኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ስልኩ የወሰደብን ነገር መኖሩን አልክድም። ጋዜጣ ሄዷል። ቀድሞ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ለማየት ብቻ ጋዜጣ ተከራይተው ደጃፌ ላይ ቆመው የሚያነቡ ተመራቂዎች ነበሩ፤ ያ ሁሉ አሁን ቴሌግራም ላይ ነው፣ ለእነሱም የተሻለ ሆኗል። በሌላ በኩል አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መማሪያ መጽሐፍ አጥሮ ልጆች በስልካቸው ፋይል ይዘው ነበር የሚማሩት፤ ስልክ የሌላቸውም ያላቸውም ምዕራፉን ሊያሳትሙ ወደ እኔ መጡ። በ2015 መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከተፈተኑ በኋላ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ደግሞ ወላጅ ሁሉ ደነገጠ። አጋዥ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ላይ አልበረክት አለ። ከገዢዎቹ መካከል ሳዑዲና ዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች አሉ። ብር በባንክ ይልኩልኛል፣ «ጋሼ፣ ለወንድሜ የፊዚክስና የሒሳብ ስጥልኝ፣ እንዲያጠና ምከርልኝ» ብለው ይደውላሉ። ልጁ ሲመጣ መጽሐፉን ብቻ ሰጥቼው አልሸኘውም፤ አስቀምጬ እህቱ የላከችው ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ እነግረዋለሁ።

ደሴ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ መደብሬም እንዲሁ ነው። መዝሙረ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም አለ፤ ለልጆች የዐረብኛ ፊደል ማስተማሪያ ቃዒዳ አለ። ከዐቢይ ጾም በፊትና ከረመዳን በፊት ሁለቱም ይፈለጋሉ። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያሉት ልዩ መደብሮች ከእኔ ይበልጥ ይሸጣሉ፣ ከእነሱ ጋር መፎካከር አያስፈልግም። ግን እኔ ጋ የአንዱን ሃይማኖት መጽሐፍ ሊገዛ የመጣው ሰው የሌላውን አጠገቡ ቆሞ ያየዋል፣ ይነጋገራሉ፣ ስለ ታሪክ ይከራከራሉ፣ ሻይ ይገባበዛሉ። ለዚህ ስል ብቻ እንኳ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ። ቁርአንን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አድርጊ፣ ከበላዩ ሌላ ነገር አይደረብ። ይህን ያስተማሩኝ አንድ ሸኽ ደንበኛዬ ናቸው፤ ቦታውን ካስተካከልኩ ጀምሮ ሰዎቹ በሙሉ ልብ ነው የሚገቡት።

አሁን ስለሚፈትንሽ ነገር ልንገርሽ። መደብር በከፈትሽ በወራት ውስጥ በግማሽ ዋጋ ተፈላጊ መጽሐፍ የሚያቀርብልሽ ሰው ይመጣል። ሽፋኑን ተመልከቺው፤ ቀለሙ ደብዝዞ፣ የፊደሉ ጠርዝ ተበልቶ ታገኚዋለሽ። በስርቆት የታተመ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ የተጠበቀ ነው። ሕጉ ባይኖርም አትንኪው። እኛ ደራሲውን በአካል የምናውቅ ሰዎች ነን፤ መጽሐፉን በሻንጣ ተሸክሞ ከአዲስ አበባ መጥቶ ደጃችን ላይ ላቡን ሲጠርግ አይተናል።

ሌላው የሚያመጡልሽ የሟች ቤተሰብ መጽሐፍ ነው። አባት ሲሞት ልጆች ቤቱን ሲያጸዱ መጻሕፍቱ በኪሎ ለቆሎና ለበርበሬ መጠቅለያ ይሸጣሉ። ለጎረቤት ሁሉ ንገሪ፤ «ከመሸጣችሁ በፊት አሳዩኝ» በይ። ከእንዲህ ያለ ጆንያ ውስጥ በሌላ ቦታ ያላየኋቸውን በንጉሡ ዘመን የታተሙ መጻሕፍት አግኝቻለሁ፤ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚጠቅሙትንም አሳልፌ ሰጥቻለሁ። የብራና መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ ካለ ግን ዋጋ እንኳ አትጠይቂ። ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው። ባለቤቱን በመልካም ቃል ወደ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ምሪው። ከጦርነቱ በኋላ እንዲህ ያለው ነገር በየአካባቢው በዝቶ ነበርና በተለይ ተጠንቀቂ።

ደብረ ብርሃንን እኔ በመንገደኛነት ብቻ ስለማውቃት የማየውን ልበልሽ። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ፋብሪካው በዝቷል፣ ሠራተኛው ወጣት ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። ችግርሽ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ላይ መሆኗ ነው። የእኛ ከተማ ሰው መጽሐፍ ፍለጋ 400 ኪሎ ሜትር አይሄድም፣ የእናንተው ግን ለጉዳይ ሄዶ በዚያው ገዝቶ ይመለሳል። ስለዚህ በብዛት አታሸንፊም፤ በፍጥነትና በኪራይ ነው የምታሸንፊው። አዲስ መጽሐፍ በወጣ በማግስቱ አስመጪ፤ መንገዱ ቅርብ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። መምህር መሆንሽም ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለተማሪዎችሽ የመጽሐፍ ውይይት ጀምሪ፤ አዲስ አበባ ወመዘክር አዳራሽ የሚካሄዱትን የመሰለ ትልቅ ዝግጅት አያስፈልግም፣ ዐሥር ወንበርና ሻይ ይበቃል። ደራሲ ስትጋብዢ የመጓጓዣውን ቻዪለት፣ መጽሐፉንም ያን ዕለት በሙሉ ዋጋ ሽጪለት።

ከተማሽ ብርድና ጉም አለባት፣ እንደ ደሴ። መደርደሪያሽን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው፣ የታችኛውን ደርብ ከወለል ከፍ አድርጊው፤ ካላደረግሽ በአንድ ክረምት መጻሕፍቱ ይሻግታሉ።

ከአከፋፋይም ከደራሲም በአደራ የምትረከቢውን መጽሐፍ ሁሉ ብዛቱን፣ ዋጋውንና የመመለሻ ቀኑን ጽፋችሁ ተፈራረሙበት፤ ጓደኛም ቢሆን። የእኔን የውል ቅጽና የኪራይ መዝገቡን ዓምዶች ፎቶ አንስቼ ነገ እዚሁ አስቀምጥልሻለሁ። ደብተር የምታዢበትን ጊዜ ግን ከሰኔ አታሳልፊው፤ ነሐሴ ላይ ሁሉም ስለሚሻማ ዋጋው አይቀመስም።