የኦርቢታሉ ገጽ የት ላይ ያበቃል?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የካፌይንን ሞለኪውል በጋውሲያን የስሌት ፕሮግራም አስልቼ፣ በኤሌክትሮን ከተሞሉት ኦርቢታሎች (ኤሌክትሮን በሞለኪውሉ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚገልጹ የሒሳብ ተግባራት) መካከል ከፍተኛ ጉልበት ያለውን፣ ሆሞ የምንለውን፣ በኪዩብ ፋይል አወጣሁና በቪኤምዲ ፕሮግራም በ0.02 አሳየሁት። የጥናት ባልደረባዬ ያንኑ ፋይል በ0.05 ስታሳየው ግን ሥዕሉ በጣም ያነሰና የተቆራረጠ ሆነ። ከሁለታችን ትክክለኛው የማን ነው? የእኔ ገጽ ደግሞ በአንድ ጎኑ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጠፍጣፋ ሆኖ ያበቃል፤ ምክንያቱን ቢያስረዱኝ።

መልስ፦ ሁለቱም ሥዕሎች ከፋይሉ በትክክል የወጡ ናቸው፤ የተለያዩት በፋይሉ ውስጥ በሌለ ነገር፣ ማለትም እናንተ በመረጣችሁት ቁጥር ነው። ኪዩብ ፋይል የያዘው ገጽን ሳይሆን፣ በሞለኪውሉ ዙሪያ በሦስት አቅጣጫ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጥቦችን ዋጋ ነው። ፕሮግራሙ ዋጋቸው 0.02 የሆኑትን ቦታዎች አገናኝቶ አይሶሰርፌሱን፣ ማለትም እኩል ዋጋ ያላቸውን ቦታዎች የያዘውን ገጽ፣ የሚሠራው ቁጥሩን ከተቀበለ በኋላ ነው። በካርታ ላይ የሚሰመረውን የከፍታ መስመር ያስቡ፤ ደጋው ከ2,300 ሜትር ይጀምራል ብለን ስንወስን መስመሩ ይሰመራል እንጂ በተራራው ላይ እንዲህ ያለ ድንበር የለም።

ይህ ማለት ግን ከሥዕሉ የሚነበብ እውነት የለም ማለት አይደለም። የካፌይን ሆሞ ከቀለበቶቹ ጠለል በላይና በታች ተቃራኒ ምልክት ስላለው በጠለሉ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ምልክቶች የሚያሳዩት ሰማያዊውና ቀዩ ሎብ (የገጹ እብጠት) የትኛውንም ቁጥር ቢመርጡ አይነካኩም። ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ጎረቤት ሎቦች ግን በ0.02 ተያይዘው በ0.05 ሊለያዩ ይችላሉና፣ «እዚህ ጋ ትስስር ተቋርጧል» ብሎ በጽሑፍ መደምደም አደገኛ ነው። በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ደጋግሜ የማየውና የሚያሳስበኝ ስሕተት ይኸው ነው።

በግምት ከመምረጥ ይልቅ ገጹ ስንት መቶኛውን የኤሌክትሮን ጥግግት እንደሚያቅፍ ማስላት ይሻላል። የእያንዳንዱን ነጥብ ዋጋ በራሱ አባዝተው በግሪዱ (በነጥቦቹ መረብ) አንዲት ሕዋስ ይዘት ያብዙት፤ ውጤቶቹን ከትልቁ ጀምረው እየደመሩ ሲሄዱ ድምሩ 0.9 በደረሰበት ነጥብ ላይ ያለው የኦርቢታሉ ዋጋ፣ ምልክቱ ሳይቆጠር፣ ዘጠና በመቶውን የሚያቅፈው ገጽ ቁጥር ነው። ሁለት የተለያዩ ሞለኪውሎችን ጎን ለጎን ሲያሳዩ በዚህ መንገድ ማወዳደር በተመሳሳይ 0.02 ከማሳየት ይልቅ ፍትሐዊ ነው። የነጥቦቹ ሁሉ ድምር ወደ 1 መቅረብ አለበት፤ 0.148 አካባቢ ከሆነ ግን የሕዋሱን ርዝመት በቦር (በአተም ደረጃ የሚሠራበት የርዝመት መለኪያ) መውሰድ ሲገባዎት በአንግስትሮም ወስደውታል ማለት ነው፤ አንድ ቦር 0.529 አንግስትሮም ነውና። ስሌቱን በራስዎ ስክሪፕት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ በኦርቢታል ፋይል ውስጥ የአተሞቹ ብዛት በኔጋቲቭ ሲጻፍ ከአተሞቹ ዝርዝር በኋላ የኦርቢታሉን ቁጥር የያዘ ተጨማሪ መስመር እንደሚኖር አይዘንጉ፤ እሱን እንደ ነጥብ ዋጋ ካነበቡት ሁሉም ዋጋ ከቦታው ይንሸራተታል።

የኦርቢታል ዋጋና የጥግግት ዋጋም አንድ አይደሉም። ኦርቢታሉ በ0.05 ሲታይ የዚያ ኦርቢታል ጥግግት 0.0025 ነው፤ ስለዚህ በሥዕሉ ግርጌ «አይሶቫሊው (ለገጹ የተመረጠው ቁጥር) 0.05» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የኦርቢታሉ ይሁን የጥግግቱ መግለጽ ያስፈልጋል።

የተቆረጠው ጎን ሌላ ጉዳይ ነው። ግሪዱ የሚያበቃው በሳጥኑ ግድግዳ ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ ቁጥር ስለሌለ ገጹም እዚያው ይቆማል። ዝቅተኛ ቁጥር ገጹን ከአተሞቹ ስለሚያርቀው የእርስዎ 0.02 ግድግዳውን ነካ፤ የባልደረባዎ 0.05 ግን በዚያው ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ቀረ። መፍትሔው ሳጥኑን አስፍቶ ኪዩቡን እንደገና ማስላት ነው።

በዚያው አጋጣሚ የነጥቦቹን ርቀት ለማጥበብ ካሰቡ ዋጋውን አስቀድመው ያስሉ፤ በየአቅጣጫው 80 ነጥብ ያለው ግሪድ 512,000 ዋጋ ሲይዝ፣ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ወደ 4,096,000፣ ማለትም ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ሎረንሰንና ክላይን እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት ማርቺንግ ኪዩብስ የተባለው ዘዴ እያንዳንዷን ሕዋስ በስምንት ማዕዘኖቿ መርምሮ፣ ገጹ ጠርዟን የሚያቋርጥበትን ቦታ በሁለቱ ጫፎች ዋጋ መካከል በቀጥታ መስመር ይገምታል። ስለዚህ ነጥቦቹ ሲራራቁ ገጹ ይሸራረፋል። ያንን በፕሮግራሙ ማለስለሻ ከመደበቅ ይልቅ ግሪዱን ማጥበብ ይመረጣል፤ ማለስለሻው ሥዕሉን ያሳምራል እንጂ ያልተሰላ ዋጋ አያመጣምና።