ጥናትሽን ወደ ጉድጓዱ ውሰጂው

ጥያቄሽ ደርሶኛል፣ እህቴ። በኬሚስትሪ ማስተርስሽን ይዘሻል። ጥናትሽ ጎታይት በሚባለው የብረት ኦክሳይድ አርሰኒክ የተባለውን መርዝ ከውሃ ማስወገድ ነበር። ስምንት ወር ሲቪ ስትበትኚ የደወለልሽ የለም። አሁን «ፒኤችዲ ልቀጥል ወይስ ሙያውን ትቼ ባንክ ልግባ?» ብለሻል።

ሁለቱንም ለጊዜው አቆዪያቸው። ሲቪሽ ላይ «98 በመቶ አስወግጃለሁ» የሚለው በጉልህ ተጽፏል። ከምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ከላክሽልኝ ጥናት ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት፤ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኩ) 6።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የጎታይት ገጽ ፒኤቹ እስከ 8 ገደማ ድረስ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። አርሰኒክ ውሃ ውስጥ የሚይዘውን ኔጋቲቭ መልክ፣ አርሴኔትን፣ ጥሩ አድርጎ የሚስበውም ያኔ ነው። ፒኤቹ ከዚያ ሲያልፍ መግፋት ይጀምራል። የስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ደግሞ ፒኤቻቸው ከ8 ያልፋል። ሲሊካና ቢካርቦኔትም አለባቸው፤ እነሱም ከአርሰኒኩ ጋር ቦታ ይሻማሉ። መቂ ያሉት ቤተሰቦችሽ የሚቀዱት እንዲህ ያለውን ውሃ እንጂ የላቦራቶሪ ውሃ አይደለም። ቀጣሪም የሚጠይቅሽ ስለዚሁ ውሃ ነው።

ባንግላዴሻዊው ኬሚስት አቡል ሁሳም ሶኖ የተባለውን በብረት የሚሠራ ማጣሪያ ያዘጋጁት ለአገራቸው የጉድጓድ ውሃ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የግሬንጀር ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ነው።

አንቺም አስፈቅደሽ ከሁለት ጉድጓድ ናሙና ውሰጂ። አርሰኒኩ ትንሽ ከሆነ ልኩን የምታውቂው መጠን ጨምሪበት፤ ፒኤቹን ግን እንዳትነኪው። ጎታይቱን ከአሸዋ ጋር ደባልቀሽ ቱቦ ውስጥ ሙዪውና ውሃውን አሳልፊበት። ዱቄቱን ብቻውን ካደረግሽው ይደፈናል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ስንት ሊትር ካለፈ በኋላ በሚወጣው ውሃ ውስጥ ያለው አርሰኒክ ከዚያ እንደሚበልጥ መዝግቢ። ውጤትሽ ከ98 ወደ 40 ቢወርድ አትደንግጪ፣ እንዳለ ጻፊው። ለምን እንደወረደ ማስረዳት የምትችል ልጅ በውሃ አገልግሎት ላቦራቶሪም፣ የፋብሪካ ፍሳሽ በሚጣራበት ቦታም ትፈለጋለች። መርዙን የያዘው ጎታይት በመጨረሻ የት እንደሚጣልም አስቢበት፤ ኢንተርቪው ላይ መምጣቱ አይቀርም።

ፒኤችዲውን የምትወስኚው ከዚህ በኋላ ነው። ውጤቱን በአንድ ገጽ ላኪልኝና ሲቪሽን አብረን እንደገና እንጽፈዋለን።